የአንጎል ፎቶ የክፍል ድልድል አያወጣም

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ በወላጆች ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ዘንድ የደረሰው በልጄ በኩል ነው። የሳቢያን ሙቀት ሰውን ሁሉ ጋደም ባደረገበት ሰዓት የ14 ዓመቱ ወንድ ልጄ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ለ11 ዓመቷ እህቱ ጮክ ብሎ ያነብላታል። የሴት ልጅ አንጎል በ10 ዓመት ተኩል፣ የወንድ ግን በ14 ዓመት ተኩል እድገቱን ይጨርሳል የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና አለና «አየሽ? አንቺ አልቆልሻል፤ እኔ ገና ነኝ» አላት። እሷም ሳትውል ሳታድር «አቦ፣ ጥሬ ነኝ በለና!» አለችው።

ስቄ ስልኩን ተቀበልኩት። ከላይ እስከ ታች ሳነበው ግን ሳቄ እየቀነሰ ሄደ። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም፤ የድሬ አባት መሆናቸውን ብቻ ነው የነገሩን። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ማሽን) ጥናቶች የሴትና የወንድ ልጅ አንጎል በተለያየ ጊዜና በተለያየ መንገድ እንደሚያድግ አረጋግጠዋል። ስለዚህ የከተማችን ትምህርት ቤቶች ከ5ኛ ክፍል ጀምረው ሴቶችንና ወንዶችን ለያይተው ያስተምሩ፤ ወንዶች ትምህርት የሚጀምሩበት ዕድሜ በአንድ ዓመት ይግፋ፤ 11ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሴቶች ከተፈጥሮ ሳይንስ ይልቅ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄዱ ይመከሩ። ጽሑፉ ጨዋ ነው። ስድብ የለበትም፣ ጥናት ይጠቅሳል፣ ቁጥር ይደረድራል። ምላሽ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ጨዋ ጽሑፍ የወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ሊነበብ ይችላል።

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ወደ ድሬ ከመመለሴ በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የምርመራ ማዕከል 6 ዓመት ኤምአርአይ ላይ ሠርቻለሁ። እንጀራዬን የበላሁበት ማሽን ነውና ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ በመጠኑ አውቃለሁ። የተጠቀሱትንም ጥናቶች ፈልጌ አንብቤያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ስለ 10.5 እና 14.5

ቁጥሮቹ እውነተኛ ናቸው። የተገኙት በ2007 ከታተመው የሮሸል ሌንሩት፣ የጄይ ጊድና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው፤ ሥራው የተሠራው በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 27 የሆኑ 387 ልጆችና ወጣቶች በጠቅላላው 829 ጊዜ ማሽን ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ጥናት የአንዱን የ8 ዓመት ልጅ አንጎል ከሌላው የ15 ዓመት ልጅ ጋር ያወዳድራል፤ ይኼኛው ግን ያንኑ ልጅ እያደገ ሲመለስ ደጋግሞ አንሥቶታል። ለሥራው ባርኔጣዬን ሳይሆን ነጠላዬን አነሣለታለሁ።

ያገኘው ምንድን ነው? የአንጎል ጠቅላላ መጠን በአማካይ ሴቶች ላይ በ10.5፣ ወንዶች ላይ በ14.5 ዓመት ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ጸሐፊው «ጣሪያው ላይ ይደርሳል» የሚለውን «እድገቱን ይጨርሳል» አሉት። የጽሑፉ ጥፋት አብዛኛው የተወለደው ከዚህች ግሥ ነው።

ከድሬ ሐረር የተመላለሰ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ያን ጠመዝማዛ አቀበት ሲያያዙት ሞተሩ ያቃስታል፣ ጆሮ ይደፈናል፤ ደንገጎ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ በአዴሌ፣ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ ሐረር ይገባል። የአንጎል መጠንም እንደዚሁ ነው። ልጅ 6 ዓመት ሲሞላው አንጎሉ የአዋቂን መጠን 90 በመቶ ያህል ይዟል፤ አቀበቱን ወጥቶ ጨርሷል። 10.5 እና 14.5 የሚባሉት ከደንገጎ ወዲያ ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ያሉ ነጥቦች ናቸው። «ከሁሉም ከፍ የምትለው ቦታ የቷ ናት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ መልስም አለው። ያቺን ቦታ ያለፈ ተሳፋሪ ግን ሐረር ገብቷል አይባልም።

ከጣሪያው በኋላ መጠኑ መቀነሱም የእድገት ማብቂያ ሳይሆን የእድገቱ አካል ነው። በጉርምስና ወቅት አንጎል የማይጠቀምባቸውን የነርቭ ግንኙነቶች ያራግፋል፣ የሚሠራባቸውን ያጠነክራል። ቡናውን የሚገርዝ የሐረርጌ ገበሬ ዛፌ አነሰ ብሎ አያለቅስም።

ደግሞስ የትኛውን ክፍል ስንለካ ነው? በ2022 በኔቸር መጽሔት የወጣ ሥራ ከ100 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የ101,457 ሰዎችን 123,984 ምስሎች ተመልክቷል። በዚህ ሥራ የነርቭ ሕዋሳት አካል የሚበዛበት ግራጫው ክፍል ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በ5.9 ዓመት ነው። የነርቭ ገመዶቹ የሚበዙበት ነጩ ክፍል ግን 28.7 ዓመት ይጠብቃል። እንግዲህ አንጎል የሚያልቀው መቼ ነው ልንል ነው? ፊደል ሳይቆጥሩ ወይስ ልጅ ከወለዱ በኋላ? ጸሐፊው ከሁሉም መሐል ለክርክራቸው የምትመቸውን መለኪያ አነሡ፤ የ2007ቱ ጥናት ባለቤቶች ግን የመጠን ልዩነት የአሠራር ብልጫ ወይም ጉድለት ተደርጎ እንዳይወሰድ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ያ ዓረፍተ ነገር ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ጸሐፊው የሚያዩት ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሴቶች ወደ ጉርምስና የሚገቡት ከወንዶች አንድ ሁለት ዓመት ቀድመው ነው። 6ኛ ወይም 7ኛ ክፍል በር ላይ የቆመ ሰው ያለ ኤምአርአይ ያየዋል፤ ሴቶቹ በአንድ ራስ ይበልጣሉ፣ ወንዶቹ ከኋላ ሆነው ወረቀት ይወራወራሉ። ነገር ግን ጉርምስና ሴቶች ላይ ከ8 እስከ 13፣ ወንዶች ላይ ከ9 እስከ 14 ባለው ዕድሜ በየትኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። በሁለቱ ጾታዎች አማካይ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ዓመት ነው፤ በሴቶች መካከል ብቻ ያለው ልዩነት 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ክፍሉን በጾታ ብንከፍለው ትልቁ ልዩነት ከነሙሉ ዕቃው በየክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል።

ወንዶች ዘግይተው ትምህርት ይጀምሩ ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው የ14 ዓመት ቁጥር ነው።

ስለ ሚዛን

የወንድ አንጎል በአማካይ 10 በመቶ ያህል ይበልጣል ብለዋል። ይበልጣል፤ ቁመቱም፣ ሳንባውም፣ የጫማ ቁጥሩም ይበልጣል። የሒሳብ ችሎታን ከዚህ ለማውጣት መሞከር ግን ያረጀ ልማድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የተባለ ሐኪም የሬሳ አንጎል ይመዝን ነበር፦ የ292 ወንዶች አማካይ 1,325 ግራም፣ የ140 ሴቶች 1,144 ግራም። የሰውነት መጠን ድርሻ እንዳለው እያወቀ ልዩነቱን በከፊል ከሴቶች የአእምሮ ማነስ ጋር አያያዘው። በ1955 የሞተው የአልበርት አይንስታይን አንጎል ሲመዘን 1,230 ግራም ሆነ። በብሮካ ሚዛን ከተራው የፓሪስ ወንድ በ95 ግራም ያንሳል። እኛ ሩቅም አንሄድም፤ የዝሆን አንጎል 5 ኪሎ ገደማ ነው። በሚዛን ቢሆንማ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የባቢሌ ዝሆኖች ነበሩ።

ስለ ሽቦው

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ ሰውም በብዛት የተቀባበለው ይህንኑ ነው። በ2014 ራጊኒ ቬርማና በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባልደረቦቿ ከ8 እስከ 22 ዓመት የሆናቸውን 949 ልጆችና ወጣቶች አጠኑ፤ 521ዱ ሴቶች፣ 428ቱ ወንዶች ነበሩ። ውሃ በነርቭ ገመዶቹ ላይ ወዴት እንደሚሰርግ የሚከታተል የኤምአርአይ ዘዴ ተጠቅመው፣ በአማካይ ወንዶቹ ላይ በየንፍቁ (በየአንጎሉ ግማሽ) ውስጥ ያለው ግንኙነት፣ ሴቶቹ ላይ ደግሞ ቀኝና ግራውን ንፍቅ የሚያገናኘው ጠንክሮ አገኙት። ጸሐፊው የዚያን ጥናት ታዋቂ ምስል ለጥፈውልናል፦ ላይኛው አንጎል በሰማያዊ መስመሮች ከፊት ወደ ኋላ፣ ታችኛው በብርቱካናማ ከቀኝ ወደ ግራ።

ምስሉን ያየ ሰው የወንድ አንጎል ቀኝና ግራው የማይነጋገር ይመስለዋል። የተሣሉት ግን በሁለቱ ጾታዎች መካከል ልዩነት የታየባቸው መስመሮች ብቻ ናቸው። የጋራ የሆነው አልተሣለም። እኔ የድሬንና የሐረርን ካርታ ስሠራ በሁለቱም ያለውን መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያና ባጃጅ ሁሉ ትቼ፣ እዚህ የባቡር ጣቢያውን፣ እዚያ የጀጎልን ግንብ ብቻ ብሥል፣ እንግዳው ድሬ ቤት የሌለባት ሐዲድ፣ ሐረርም ሰው የማይኖርባት ግንብ ይመስሉታል። ካርታው አልዋሸም። እንዲህ ለማንበብ አልተሠራም እንጂ።

ሌላም አለ። በዚያው ዓመት የዙሪክ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ገልብጠው ጠየቁት፦ ልዩነቱ የጾታ ነው ወይስ የመጠን? ትልቅ አንጎል ያላቸው ሰዎች፣ ሴትም ይሁኑ ወንድ፣ በየንፍቁ ውስጥ ያለው ግንኙነት በአንጻሩ ሲጠነክርባቸው አገኙ፤ ትንሽ አንጎል ያላቸው ደግሞ በንፍቆቹ መካከል ያለው። ነገሩ የሚገርም አይደለም። አንጎል ሲተልቅ ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋው ገመድ ይረዝማል፣ ይወደዳል፤ ሥራውን በየሠፈሩ ማከናወን ይቀለዋል። ጸሐፊው «የወንድ ሽቦ» ያሉት ብዙው የትልቅ አንጎል ሽቦ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በዚህ መስክ ቸኩሎ የሮጠ ግኝት ሲታይ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1982 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ሁለቱን ንፍቆች የሚያገናኘው ትልቅ ጥቅል የኋላ ክፍሉ ሴቶች ላይ ይሰፋል አለ፤ ወሬው በጋዜጣ በመጽሔቱ ተዳረሰ። የተመረመረው የ14 ሰዎች አንጎል ነበር፤ 9 ወንዶች፣ 5 ሴቶች። በ1997 ደግሞ 49 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ ልዩነቱ አለመኖሩን ጻፈ። ይኼኛው ወሬ ግን እግር አልነበረውም፤ ዛሬም «ሴት ሁለት ሥራ በአንዴ ትሠራለች» ሲባል የሚጠቀሰው የ1982ቱ ነው።

ከሽቦው ተነሥተው ጸሐፊው ወደ መንገዳችን ይወርዳሉ፦ የድሬ ባጃጅ ነጂዎች ወንዶች የሆኑት አንጎላቸው ለአቅጣጫ ስለተሠራ ነው ይላሉ። ስለ ነጂዎች አንጎል በእርግጥ የታወቀ ጥናት አለ፣ ግን የሚናገረው የተገላቢጦሹን ነው። በ2000 ኤሌኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ የለንደን ታክሲ ነጂዎችን አጠኑ፤ ለአቅጣጫ ትውስታ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የኋላ ክፍሉ ከሌላው ሰው ገዝፎ ተገኘ፤ በሥራው ብዙ ዓመት በቆዩት ላይ ደግሞ ይብስ ነበር። ተፈጥሯቸው ይሆን? ያንን ለመለየት በ2011 የወጣው ጥናት 79 ተለማማጆችን ከመጀመሪያው ተከታተለ። ያን ሁሉ የለንደን ጎዳና በቃላቸው አጥንተው ፈተናውን ባለፉት 39 ሰዎች አንጎል ላይ ለውጡ ታየ፤ በወደቁት ላይ አልታየም። መንገዱ ነው አንጎሉን የለወጠው። ከልጅነቱ ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከታይዋን ገበያ እስከ ደቻቱ ማዶ ሲዞር የዋለን ወንድ ልጅና «ከሱቅ ቶሎ ተመለሺ» ስትባል ያደገችን እህቱን 20 ዓመታቸው ላይ ማሽን ውስጥ አስገብቶ ልዩነት ቢገኝ፣ ማሽኑ ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አይናገርም።

ስለ እጅ ሥራም ሴቶች ለጥቃቅን ነገር፣ ወንዶች ለቅርጽና ለስሌት ተፈጥረዋል የሚል አለ። ጸሐፊው አንድ ቅዳሜ ሐረር ይውጡ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ስፌት መኪናቸውን እያንኳኩ ጥቃቅኑን ክር የሚያስገቡት ወንዶች ናቸው። ከዚያ አንድ የሐረሪ ቤት ይግቡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሣር ስፌት ቀና ብለው ይዩ። ያቺ ሴት ስትሰፋ ወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የላትም። ከመሐል ተነሥታ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ የእያንዳንዱ ቀለም ቁጥር ስንት ሆኖ ቢያድግ ጥበቡ ዳር ላይ ሳይዛነፍ እንደሚገጥም በልቧ ታሰላለች። ይህ የቅርጽ ስሌት ካልሆነ የቅርጽ ስሌት ምን እንደሆነ ይንገሩን።

«ምስል አይዋሽም»

ጸሐፊው «ምስል አይዋሽም» ያሉበት ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ሙያዬ ነው።

ኤምአርአይ ካሜራ አይደለም። ኃይለኛ ማግኔት በሰውነታችን ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጂን ያሰልፋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ይልክበታል፤ መልሶ የሚመጣውን ምልክት ኮምፒውተር አስልቶ ሥዕል ያደርገዋል። በተለመደ የአንጎል ምርመራ የምናየው ትንሹ ነጥብ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ነው፤ በዚያች ኩብ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እነሱን ማሽኑ አያያቸውም። ቀለሙንም ማሽኑ አያመጣውም። ቀይና ሰማያዊውን የሚቀባው ሰው የመረጠው ሶፍትዌር ነው፤ የትኛው ልዩነት ቀለም ይገባዋል፣ የትኛው አይገባውም የሚለውንም የሚወስነው ሰው ነው።

ልጅ ማንሣት ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ቱቦው ጠባብ ነው፣ ጭንቅላት መንቀሳቀስ የለበትም። አንድ የ9 ዓመት ገደማ ልጅ ትዝ ይለኛል። አባቱ «እንደ ሐውልት ሁን» ብሎት ገባ፤ ሁለት ደቂቃ ሐውልት ሆነ፣ ከዚያ እግሩን አከከ፣ ቀጥሎ ያከከበትን አየ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ለሐኪሙ የደበዘዘ ምስል ስንሰጥ መደብዘዙ በዓይን ስለሚታይ ችግር የለውም። ለጥናት ሲሆን ግን አደገኛው በዓይን የማይታየው ንቅናቄ ነው፤ ትንሽ እንቅስቃሴ ግራጫው ክፍል ከእውነተኛው መጠን ያነሰ መስሎ እንዲለካ እንደሚያደርግ ተረጋግጧል። የሚቁነጠነጡት እነማን ናቸው? ትንንሾቹ ከትልልቆቹ፣ ወንዶቹም ብዙ ጊዜ ከሴቶቹ ይብሳሉ። የዕድሜና የጾታ ልዩነት እየፈለግን ሳለን ከዕድሜና ከጾታ ጋር አብሮ የሚሄድ ስሕተት ማሽኑ ውስጥ አብሮ ይተኛል። ጥሩ ተመራማሪ ይህንን ለማረም ይደክማል። ጸሐፊው ግን ከማሽን የወጣ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለውናል።

በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ አንድ የሞተ የሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው የሰዎችን ፎቶግራፍ አሳዩት፤ በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸውም ጠየቁት። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲፈተኑ የሚያስፈልገው የስታቲስቲክስ እርማት ሳይደረግ ሲቀር የዓሣው አንጎል ውስጥ ሥራ የያዘ የሚመስል ቦታ በራ። እርማቱ ሲደረግ ጠፋ። ያ ዓሣ በ2012 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ቀልዱ ላይ ማሽኑ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ያልበሰለው ስሌቱ ነበር። እንደ ልጄ አባባል፣ ጥሬ።

ልዩነት የለም ለሚሉትም

ጸሐፊው በመጨረሻ ይህንን የሚቃወሙ ሁሉ የውጭ አስተሳሰብ የተጫናቸው ናቸው ብለዋል። ይህ ነጥብ ሳይሆን መዝጊያ ነው፤ አልፈዋለሁ። ነገር ግን ከጽሑፋቸው ሥር ተናደው የመለሱላቸው ሰዎች በሴትና በወንድ አንጎል መካከል ምንም ልዩነት የለም ሲሉ አይቻለሁ። እሱም አያስኬድም።

የአማካይ ልዩነት አለ። በ2015 ዳፍና ጆኤልና ባልደረቦቿ ከ1,400 በላይ አንጎሎችን አይተው አብዛኛው ሰው አንዳንዱ ክፍል ሴቶች ላይ፣ ሌላው ወንዶች ላይ የሚበዛ መልክ የያዘ ቅይጥ መሆኑን ጻፉ። ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ኮምፒውተር ክፍሎቹን አንድ ላይ አይቶ የሰውየውን ጾታ ከ90 በመቶ በላይ በትክክል እንደሚገምት አሳዩ። ሁለቱም እውነት ነው። ሰውን ከፊቱ ሴት ወይም ወንድ ብሎ መለየት ይቻላል፤ ከፊቱ ተነሥቶ ፊዚክስ ይችል እንደሆነ መናገር ግን አይቻልም። በ2021 የ30 ዓመት ጥናቶችን የገመገመው የሊዝ ኤልየት ሥራ ደግሞ የመጠን ልዩነቱ ከስሌቱ ከወጣ በኋላ በጾታ የሚብራራው የአንጎል ልዩነት 1 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይናገራል።

ጥናቱ ራሱ እንዲቀጥል እፈልጋለሁ፣ እንዲያውም አጥብቄ። ኦቲዝም ወንዶች ላይ በብዛት ይመዘገባል፤ ድባቴ ከጉርምስና በኋላ ሴቶች ላይ በእጥፍ ገደማ ይታያል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ የሁለቱንም አንጎል ከልጅነት ጀምሮ መከታተል ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ21 ጣቢያዎች ወደ 12,000 የሚጠጉ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ይዞ እስከ ወጣትነት የሚከታተል ጥናት አለ። ዓላማው እንደዚህ ዓይነቱን ጥያቄ መመለስ እንጂ ማን የት ወንበር ላይ ይቀመጥ ማለት አይደለም።

ስለ 11ኛ ክፍል ምክር

በጣም ያናደደኝ ይህ ነው፤ በትዕግሥት ልጻፈው። በአንጎል ምስል ሄደው የደረሱበት «ሴቶች ለተፈጥሮ ሳይንስ አይሆኑም» የሚል ነገር ከሆነ፣ በቀጥታ ችሎታውን መለካት እየተቻለ ዙሪያ ጥምጥሙ ለምን አስፈለገ? በ2008 በጃኔት ሃይድ መሪነት በሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት በአሜሪካ 10 ክፍለ ግዛቶች ከ2ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን የሒሳብ ውጤት አየ። በሴቶችና በወንዶች አማካይ መካከል የሚነገር ልዩነት አላገኘም። 7 ሚሊዮን የፈተና ወረቀት በአንድ በኩል፣ ከ949 ሰው የተሣለ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመር በሌላ በኩል።

ደግሞም እነዚህ የአንጎል ምስሎች የማን ናቸው? 123,984 ምስሎችን የሰበሰበው ሥራ እንኳ አብዛኛው መረጃ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ መሆኑን ራሱ ያምናል። እኛ ጋ አንጎልን በእርግጥ የሚጎዱ ነገሮችን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፦ እናት በእርግዝናዋ ያጣችው አዮዲን፣ የልጅ ደም ማነስ፣ የከረመ ረሃብ። ሩማንያ ውስጥ በ136 የማሳደጊያ ልጆች ዙሪያ የተሠራው ጥናት በማሳደጊያ ያደጉት ልጆች ግራጫ የአንጎል ክፍል መጠኑ ቀንሶ አግኝቶታል። ኤምአርአይን ይዞ ለትምህርት ቢሮ አቤት የሚል ወላጅ ከዚህ ቢጀምር እኔም አብሬው እፈርማለሁ።

ለያይቶ ማስተማርን በእምነትም በባህልም የሚፈልግ ወላጅ ድሬ ውስጥም ሐረር ውስጥም አለ። መብቱ ነው፣ በዚያው ስም ይሟገት፤ ብዙ የሚደመጥ ነገር ሊኖረው ይችላል። ማሽኑን ግን ያላየውን አይቻለሁ እንዲል ምስክር አድርጎ አይጥራው።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃቸዋለሁ፤ በወንድምነት ነው። ጽሑፉን የወላጅ ኮሚቴ ሳያየው በፊት በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያለውን «እድገቱን ይጨርሳል» ሰርዘው «ጠቅላላ መጠኑ በአማካይ ጣሪያው ላይ ይደርሳል» ብለው ይተኩት። ከዚያ ከታች ያሉትን ሦስት ሐሳቦች እንደገና ያንብቡና የትኛው እንደቆመ ይዩ። የባለ 949ኙን ምስልም ካላወረዱት፣ ቢያንስ የጋራ የሆነው መስመር እንዳልተሣለ ከሥሩ ይጻፉልን።